ከደብረ ሊባኖስ እስከ ግዮን፦ የሕመምተኛ እምነትና የአእምሮ ሕክምና በኢትዮጵያ

ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሦስት አውራ ጎዳናዎች የአእምሮ ሕክምናን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ብዙ ይነግሩታል። አንደኛው እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም ሲያመራ የደብረ ሊባኖስን ገዳምና ጠበሉን ያገናኛል። ሁለተኛው በቡራዩ አድርጎ ወደ አምቦ ሲያቀና የገፈርሳን ምድር ይነካል፤ ከአማኑኤል ሆስፒታል የወጡ ታካሚዎች የሚያገግሙበት ማዕከል ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛው፣ የጅማው መንገድ፣ ሰበታን፣ ተጂንና ቱሉ ቦሎን አልፎ፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ ወሊሶ ይደርሳል። ወሊሶ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግዮን ትባል ነበር፤ በዚያ ስሟም በዓለም የሳይካትሪ ጽሑፎች ውስጥ ገብታለች።

ገዳሙ፣ ማገገሚያውና የግዮኑ አጥማቂ ደጅ በስም ቢለያዩም ያስተናገዱት ሰው አንድ ነው። እንቅልፍ ያጣው፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ከቤተሰቡ የተኳረፈው ሰው ዘመዶቹን አስከትሎ በእነዚህ መንገዶች ሲመላለስ ኖሯል። አንድ ሰሞን ጠበል ይገባል፣ አንድ ሰሞን ኪኒን ይውጣል፣ ቀጥሎ ተመልሶ ጠበል ይገባል። በራሱ ዘንድ ይህ መመላለስ እርስ በርሱ የሚጋጭ አልነበረም። «ወይ ጠበሉን፣ ወይ ሐኪሙን» የሚለው ምርጫ የመጣበት ከውጭ ነው፤ አንዳንዴ ከአጥማቂው፣ አንዳንዴ ከሐኪሙ። ከታሪኩ የምንማረውም ምርጫው በተጫነበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቋረጠው ሕክምናው መሆኑን ነው። ስለዚህ የታካሚን እምነት ማክበር ሐኪሙ ሲመቸው የሚጨምረው መልካም ጠባይ ሆኖ ሊታይ አይገባም፤ ከሕክምናው ሥራ ጋር አብሮ የሚቆጠር ነው።

ከቤተ መንግሥት እስከ አማኑኤል

ጠበሉንና ሐኪሙን አጣምሮ መያዝ የድሃ ወይም ያልተማረ ሰው ልማድ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ገደማ ሕመሙ ሲጠናባቸው የአውሮፓ ሐኪሞች በአጠገባቸው ነበሩ። በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታልም የተቋቋመው በዚያው ዘመን ነው። ያም ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ሊባኖስ ሄደው ጠበል ገብተዋል። ሕመማቸው የአእምሮ መታወክ ሳይሆን ሰውነትን የሚያሽመደምድ የደም ሥር ሕመም ነበር። ነገሩ ለእኛ የሚጠቅመው ስለ ፈውስ ፍለጋው ሥርዓት በሚነግረን ነው፤ የዘመናዊ ሕክምና ቀዳሚ ደጋፊ የነበሩት ንጉሥ ራሳቸው ሐኪሙን ያመኑት ጠበሉን ትተው አልነበረም።

አማኑኤል ሆስፒታል የተመሠረተው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የተለየ ሌላ ሆስፒታል አልነበራትም። በከተማው ንግግር «አማኑኤል ገባ» ማለት ስለ አንድ ሰው የመጨረሻውን ፍርድ መስጠት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ቤተሰብ ልጁን አማኑኤል ከማድረሱ በፊት ሌላውን ሁሉ ይሞክር ነበር። ጠበል የገባ ሰው «ታሞ ነበር» ይባላል፤ ነገ ድኖ ሊመለስ፣ ሊያገባ፣ ሊነግድ ይችላል። አማኑኤል የገባ ሰው ግን ስሙ ተከትሎት ይኖራል። ቤተሰቡ ጠበሉን ሲያስቀድም ከእምነቱ ጋር የልጁን ክብርም እየጠበቀ ነበር። ይህን ያልተረዳ ሐኪም «ለምን ዘግይታችሁ መጣችሁ?» ብሎ ሲቆጣ፣ የሚቆጣው ልጃቸውን ሊያድኑ በደከሙ ሰዎች ላይ ነው።

ግዮን የወረዱት ሐኪሞች

በ1950ዎቹ መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ያስተምሩ ከነበሩት የውጭ ሐኪሞች መካከል ሮበርት ጊል የተባሉ የኔዘርላንድ ተወላጅ ሳይካትሪስት ይገኙበታል። ኋላ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሳይካትሪ ፕሮፌሰር ሆነዋል። ጊል ታካሚዎቻቸው ወደ እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የት እንደነበሩ ማወቅ ፈለጉ። መልሱም የጅማን መንገድ ይዞ ወደ ግዮን ወሰዳቸው።

ግዮን በዚያ ዘመን በመምህር ወልደ ትንሣኤ ግዛው ስም ትታወቅ ነበር። መምህሩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ ሰባኪና አጥማቂ ነበሩ፤ ርኩስ መንፈስ አድሮብናል የሚሉ ምእመናን ከሩቅ አገር እየመጡ በደጃቸው ይሰበሰቡ ነበር። ጊል ከዮሴፍ ገዛኸኝና ከቫን ላይክ ጋር ሆነው በግዮን ስላለው በእምነት የመፈወስ ሥርዓትና ስለ መንፈስ መያዝ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1968 በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳተሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ሳይካትሪስት ወደ አጥማቂው ቦታ ሄዶ፣ ያየውን በጥሞና መዝግቦ ለሙያ አቻዎቹ ካቀረበባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ የሚፈጸመውን ሥርዓት የጠበል አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሕመምተኛው ገና ከንጋቱ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ተራውን ይዞ ይቀርባል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ መስቀሉን ያሳርፍበታል፣ ጠበሉን ያፈስበታል። ሰውየው ሲጮህ ወይም ሲንፈራገጥ ካህኑ የሚያናግረው ሰውየውን አይደለም፤ በላዩ ያደረውን መንፈስ ነው። «ማን ነህ? በምን ያዝከው? መቼ ያዝከው?» ይለዋል። በሕመምተኛው አንደበት መልስ ይመጣል፤ ሕዝቡም «ለፈለፈ» ይላል። የቤት ውስጥ ቂም፣ የርስት ጠብ፣ የጎረቤት ምቀኝነት፣ ያልተፈጸመ ስለት በዚያ አደባባይ ይወጣል። በመጨረሻ መንፈሱ እንዲለቅ ይታዘዛል፣ ምልክት ይሰጣል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ሕመምተኛው ተነሥቶ ዘመዶቹ መካከል ሲቀመጥ፣ ከአሁን በፊት ያደረገው ሁሉ በእርሱ አይላከክም፤ ያደረገው መንፈሱ ነበርና።

ይህን ያየ ሐኪም ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው «ድንቁርና ነው» ብሎ መመለስ ነው። ሁለተኛው ሥርዓቱ ለሕመምተኛው ምን እንደሚያደርግለት መመርመር ነው። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩ ጥቂት ተመራማሪዎች ሁለተኛውን መረጡ። ሳይመን ሜሲንግ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ የጎንደርን የዛር ማኅበር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማኅበሩ ለአባላቱ የቡድን ሕክምናን አገልግሎት እንደሚሰጥና በኑሮ ዝቅ ብለው ለሚታዩ ሰዎች የማዕረግ ቦታ እንደሚያስገኝ አሳዩ። በ1950ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ በፒስ ኮር ሐኪምነት ያገለገሉት ፉለር ቶሪም ስለ ዛር እ.ኤ.አ. በ1967 ጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ የባህል ፈዋሹና ሳይካትሪስቱ አንድ ዓይነት መሠረት ላይ እንደሚሠሩ ተከራከሩ፦ ሁለቱም ከሕመምተኛው ጋር በሚጋሩት የዓለም አመለካከት ሕመሙን ስም ያወጡለታል፣ ስም ሲያገኝም ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጠው በባለዛሯ በመልካም አየሁ ቤት የዛርን ሥርዓት ከአስተርጓሚያቸው ከአባ ዤሮም ገብረ ሙሴ ጋር በዝርዝር መዝግበዋል። ሌሪስ ሐኪም አልነበሩም። የተዉት መዝገብ ግን ለኋላ ዘመን ሐኪም ትልቅ ትምህርት አለው፦ በዛር የተያዘ ሰው ስለ ሕመሙ የራሱ እውቀት አለው፣ የዛሩን ስም፣ ጠባዩንና የሚወደውን ነገር ለይቶ ይናገራል። ይህን ያልጠየቀ ሰው ስለ ሕመምተኛው ገና ምንም አልሰማም።

ጊል ግዮን በነበሩበት ዘመን በናይጄሪያ አቤኦኩታ ፕሮፌሰር ቶማስ ላምቦ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈው ሄደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በጀመሩት የአሮ መንደር ሥርዓት ሕሙማን ከቤተሰባቸው ጋር በመንደር ተቀምጠው ቀን ቀን ሆስፒታል ይታከሙ ነበር፤ ላምቦም የባህል ሐኪሞችን የሥራ ተባባሪ አድርገው ነበር። በእኛ አገር የሠሩት ተመራማሪዎች ግዮንን አይተው መዘገቡ፣ ተረዱም። የአጥማቂው ደጅና የሐኪሙ ክፍል በአንድ ሥርዓት ሲሠሩ ለማየት ግን ብዙ ዓመታት መጠበቅ አስፈልጓል።

መጠይቁና መልሱ

በ1970ዎቹ አዲስ አበባ የሠሩት ሌላው የኔዘርላንድ ሳይካትሪስት ፍራንክ ኮርትማን ያነሡት ጥያቄ ይበልጥ ረቂቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለመለየት የሚያገለግል አጭር መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር። ኮርትማን መጠይቁን ከኢትዮጵያውያን መልስ ሰጪዎች ጋር መረመሩና እ.ኤ.አ. በ1990 ድክመቱን አሳተሙ። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ለመልስ ሰጪው የደረሱት አዘጋጆቹ ባሰቡት ፍቺ አልነበረም። ይህ ለሥነ ልቦና ሐኪም ቀላል ነገር አይደለም። በገዳም ሱባዔ ይዞ «ድምፅ ሰማሁ» ያለ ሰውና በሰፈሩ መንገድ ላይ ሲሄድ የሚሰድበው ድምፅ የሚሰማው ሰው ለአንድ ጥያቄ ሁለቱም «አዎ» ይላሉ። ለይቶ ማወቅ የሚቻለው እምነታቸውን አውቆ፣ በእምነታቸው ዘንድ ምን የተለመደ፣ ምን ያልተለመደ እንደሆነ ሲጠየቁ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ያንን ልዩነት ከሐኪሙ በፊት የሚያውቁት የንስሐ አባቱ፣ ሼኹ ወይም ፓስተሩ ናቸው።

የኢትዮጵያ ሐኪሞች ደግሞ ሰው ለሕመሙ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ አጠኑ። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ የማኅበረሰቡን አዋቂዎች ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ ሕዝቡ ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን መንገድ እንደሚያስቀድም አሳየ። በጅማ መንገድ ማዶ ጫፍ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ 384 የአእምሮ ሕሙማን ወደ ሆስፒታሉ የመጡበት መንገድ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት ቀጥታ ወደ ሆስፒታል የመጡት 35.2 በመቶው ብቻ ነበሩ። 30.2 በመቶው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሃይማኖት ቦታ፣ 20.1 በመቶው ደግሞ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ነበር። ሕመሙ ከጀመረ አንሥቶ ሆስፒታል እስኪደርሱ ያለፈው ጊዜ መካከለኛ ልኩ አንድ ዓመት ያህል ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ሕዝቡን ለመውቀስ የሚጠቀም አለ። ቁጥሮቹን ከታሪኩ ጋር ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የቶሮንቶና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያውን የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት በአገር ውስጥ ሲጀምሩ፣ 70 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የነበሩት ሳይካትሪስቶች ከ15 አይበልጡም ነበር። ከተጂ ወይም ከሱሉልታ ገጠር ለሚነሣ ገበሬ ሐኪሙ ሩቅ፣ ካህኑ ደግሞ የጎረቤት ሰው ነበር። ጠበሉ ክፍያ አይጠይቅም፣ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ሕመምተኛውንም «ዕብድ» ብሎ አይመዘግብም።

የዓለም ሙያ ከራሱ ጋር ሲከራከር

ከውጭ የመጣው የሥነ ልቦና ሕክምና ራሱም ስለ እምነት አንድ ልብ አልነበረውም። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ሃይማኖትን የሰው ልጅ ምኞት የወለደው ቅዠት አድርጎ አቀረበው። ወዳጁ የነበረው የስዊዘርላንድ ፓስተር ኦስካር ፊስተር በማግስቱ ዓመት መልስ ጻፈለት፤ ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም። ጄሮም ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሥራ የሳይኮቴራፒን፣ የእምነት ፈውስንና የባህል ሕክምናን የጋራ ባሕርያት ጎን ለጎን አስቀመጠ፦ የሚታመን ፈዋሽ፣ የተለየ ቦታ፣ ለመከራው የሚሰጥ ማብራሪያ፣ ፈዋሹም ታካሚውም የሚሳተፉበት ሥርዓት። እ.ኤ.አ. በ1980 አለን በርጊን ሐኪሞች የራሳቸውን ኢአማኒነት ሳያውቁት በታካሚው ላይ እንደሚጭኑ ተከራከረ፤ አልበርት ኤሊስም ተቃውሞ መለሰለት።

ክርክሩ በመጨረሻ ወደ ሙያው ሰነዶች ገባ። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የሕመም መለያ መጽሐፍ ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግርን የአእምሮ ሕመም ሳይሆን ለብቻው ሊጤን የሚገባው ጉዳይ አድርጎ መዘገበው፤ በዚያው መጽሐፍ የባህል ሕመሞች መዝገብ ውስጥ ዛርም ስሙ ሰፍሯል። የዛር ነገር ለውጭ ሐኪሞች የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤላውያን በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ «ዛር ያዘኝ» የሚሉ ታካሚዎች በእስራኤል ክሊኒኮች ታዩ፤ ግሪሳሩ፣ ቡዶውስኪና ዊትስቱም የተባሉ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህ በሽታ ነው ወይስ የባህል መገለጫ የሚለውን ጥያቄ አነሡ። ሌሪስ ጎንደር ላይ በመዘገቡት ቋንቋ የሚናገር ታካሚ ከ60 ዓመት በኋላ በሌላ አገር የሐኪም ወንበር ፊት ተቀምጦ ነበር።

«ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው»

በኢትዮጵያ ጠበልና መድኃኒት በግልጽ የተፋጠጡት በአእምሮ ሕመም አልነበረም፤ በኤችአይቪ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከየአገሩ ተሰብስበው በእንጦጦ የሚኖሩ ጠበልተኞች ብዙ ነበሩ። አንዳንዶቹ መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ጉድለት ነው ብለው አመኑ፤ «ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም» የሚል ምክር ይሰጥ ስለነበር ጀምረው ያቋረጡም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱንም እንዲወስዱ በይፋ አሳሰቡ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ አስተማሩ።

የዚህ ቃል ክብደት ከይዘቱ ይልቅ ከተናጋሪው የመጣ ነው። ያንኑ ነገር ሐኪሞች ለዓመታት ተናግረውታል። ሐኪሙ «ኪኒኑን አታቋርጥ» ሲል ምእመኑ እምነቱን የሚያስጥል ሰው የሚናገረው መስሎት ይሰማዋል። ፓትርያርኩ ሲናገሩት ግን መድኃኒቱን መውሰድ በእምነቱ ውስጥ ያለ ተግባር ይሆናል። የሕመምተኛው ግጭት የተፈታው እምነቱን በማሸነፍ ሳይሆን፣ በእምነቱ ላይ ሥልጣን ያለው አባት አብሮ በመቆሙ ነው።

ይህ ትምህርት ወደ አእምሮ ሕክምናም ተሻገረ። ዶክተር ዮናስ ባሕረ ጥበብና ዶክተር ዳዊት ወንድማገኝ ከቶሮንቶው ሳይካትሪስት ሳሙኤል ሎው ጋር ሆነው፣ የኦርቶዶክስ ካህናትና የሳይካትሪ ሐኪሞች በጠበል ቦታ አብረው የሠሩበትን ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳተሙ። ሐኪሞቹ ክሊኒኩን ወደ ጠበልተኛው አቀረቡ፤ ካህናቱም መድኃኒት የሚያስፈልገውን ሰው ወደ ሐኪሙ ላኩ። ሕመምተኛው ሱባዔውን ሳያቋርጥ መድኃኒት ይጀምራል፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቃል። ጊል ግዮን ድረስ የሄዱት ለማየትና ለመረዳት ነበር። እነዚህ ግን አብረው ለመሥራት ሄዱ።

ከኢትዮጵያ ውጭ የተገኘው ማስረጃም ይህን ያጸናል። በናይጄሪያና በጋና በባህልና በእምነት ፈዋሾች ዘንድ የተገኙ 307 የከባድ አእምሮ ሕመም ታካሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት፣ ፈዋሾቹና የጤና ባለሙያዎቹ ተቀናጅተው ያከሟቸው ሰዎች ለየብቻ ከታከሙት ይልቅ የተሻላቸው መሆኑን አሳይቷል።

ሰንሰለቱ

መከባበርን የሚያወድስ ሁሉ አንድ ነገር መሸሸግ የለበትም። በአንዳንድ የጠበል ቦታዎችና በብዙ መኖሪያ ቤቶች ሕሙማን ይታሰራሉ። በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጽሑፍ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን በቤተሰቦቻቸው እንዴት በሰንሰለት እንደሚታሰሩ መዝግቧል። የሚያስሩት ጨካኞች ሆነው አይደለም። ልጃቸው ጠፍቶ እንዳይቀር፣ መኪና እንዳይመታው፣ ሰው እንዳይጎዳ የሚፈሩ፣ ሕክምናውም የራቀባቸው ወላጆች ናቸው፤ ሲያስሩም ያለቅሳሉ።

በጋና አንድ የጸሎት ማዕከል በ139 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ሌላ ከባድ እውነት ያሳየናል። ከጸሎቱ ጋር መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች ሕመማቸው ቀለለ፤ በሰንሰለት የሚያሳልፉት ቀን ግን አልቀነሰም። ሐኪሙ ወደ እምነት ቦታው መግባቱ ብቻውን ሰንሰለቱን አይፈታም ማለት ነው። ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ድብደባው፣ ሕመምተኛውን ስለ ማስራብ ተነጥሎ መነጋገር ያስፈልጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ሲያስከብር፣ በአንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል። ሁለቱም የአንድ ሰው መብቶች ናቸው። ያ ሰው ሕመምተኛው ነው፤ መብቶቹም የካህኑ ወይም የሐኪሙ ሆነው ሊተረጎሙ አይገባም። እምነትን የሚያከብር ሐኪም ሰንሰለት ሲያይ ዝም የሚል ሐኪም አይደለም። ቀድሞ ስላከበረ የሚደመጥ ሐኪም ነው።

በክፍሉ ውስጥ

ታሪኩ ወደ አንዲት ጠባብ የምክር ክፍል ሲገባ ምን ይመስላል? በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚሠራ ባለሙያ በአንድ ቀን ኦርቶዶክሱን፣ ሙስሊሙን፣ ጴንጤውንና ዋቄፈታውን ሊቀበል ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው ሙስሊም፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ካርል ኤሪክ ክኑትሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት ጥናት የሜጫ ኦሮሞ ቃሉ (የባህላዊው እምነት መሪ) በሰዎች ሕይወት ውስጥ የነበረውን ትልቅ ቦታ መዝግቧል፤ ስለዚህ በዚህ አካባቢ «እምነት» ሲባል ጠበልን ብቻ ማሰብ በቂ አይደለም። ዱዓ አለ፣ ሩቅያ አለ፣ እጅ ተጭኖ የሚደረግ ጸሎት አለ፣ የቃሉ ደጅ አለ።

የመጀመሪያው ተግባር መጠየቅ ነው። «እርስዎ ይህ ሕመም ከምን የመጣ ይመስልዎታል? እስካሁን የት የት ሄዱ? እዚያ ምን አሉዎት? አሁንስ እየሄዱ ነው?» ታካሚው «ዓይነ ጥላ ነው ብለውኛል» ሲል ባለሙያው ማስተባበል የለበትም፣ አዎ ነው ማለትም የለበትም። ይህ ማብራሪያ ለሰውየው ምን ተስፋ እንደሰጠው፣ ምንስ ፍርሃት እንደጨመረበት ይመረምራል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። የንስሐ አባትን ወይም ኢማምን ማነጋገር የሚጠቅም ቢሆንም ታካሚው ካልፈቀደ አይደረግም፤ ለካህን የተነገረው ለሐኪም፣ ለሐኪም የተነገረው ለካህን በራሱ አይተላለፍም። ሦስተኛው ገደብ ነው። ባለሙያው አማኝ ቢሆን የራሱን እምነት አይሰብክም፣ አማኝ ባይሆን የታካሚውን አያንቋሽሽም፤ ለተጨነቀ ሰው የሐኪም ቃል ከባድ ነውና።

ከዚህ ባሻገር ማክበር የሰውነት ጉዳይም ነው። ለባይፖላር ሕመም ሊቲየም የሚወስድ ሰው በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ረጅም ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ሲውል፣ ሰውነቱ ፈሳሽ ሲያጥረው የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ከፍ ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደናገራል፣ ሲብስም ለሕይወቱ ያሰጋዋል። በሌላ በኩል በጠበል ቦታ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ውሃ መጠጣት የደምን ጨው ሊያሳንስ ይችላል። ስለ ጾም ያልጠየቀ ሐኪም ይህን አያውቅም፤ «ጾሙን ተወው» ብሎ ብቻ ያዘዘም ታካሚው ደብቆ ስለሚጾም አያውቅም። ጾሙ ሳይገባ ተነጋግሮ የመውሰጃ ሰዓቱን የሚያስተካክል፣ የደም ምርመራ የሚያዝ፣ ለታመመ ሰው በሃይማኖቱ የተፈቀደውን ከራሱ የሃይማኖት አባት እንዲሰማ የሚያደርግ ሐኪም ግን ታካሚውንም እምነቱንም ይጠብቃል። «ከጠበል በፊት ምንም በአፌ አይገባም» የሚል ሰውም ኪኒኑን ከተጠመቀ በኋላ እንዲወስድ ቢነገረው ብዙ ጊዜ ችግሩ ያበቃል።

ይህ ሁሉ ለጥቂት አስተዋይ ሐኪሞች በጎ ፈቃድ ሊተው አይገባም። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በአማኑኤል የሠለጠኑት የሳይካትሪ ነርሶች፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የአእምሮ ጤና ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ የተጀመረው ሥራ፣ በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱት የሥነ ልቦና ትምህርቶች ለዚህ መንገድ ከፍተዋል። የቀረው የእምነት ጥያቄ በታካሚው ካርድ ላይ ቋሚ ቦታ እንዲኖረው፣ የጾም ወራት በክትትል ቀጠሮ ውስጥ እንዲታሰቡ፣ ካህናት፣ ሼኾችና ፓስተሮች መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ እንዳለባቸው፣ ጤና ጣቢያውም መቼ እነርሱን መጥራት እንዳለበት በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት እንዲኖር ማድረግ ነው። ከተጂ የሚነሣው ሕመምተኛ ወደ ጠበሉም ወደ ሐኪሙም መሄዱን አይተውም፤ መቶ ዓመት ያስቆጠረው መዝገብ ይህን ደጋግሞ ነግሮናል። የሙያው ግዴታ በሁለቱ ደጆች ያሉት ሰዎች እንዲተዋወቁ ማድረግና፣ ሕመምተኛው አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዲደብቅ የማይገደድበትን ሥርዓት መሥራት ነው።